ጥቁሩ ብረትና የቡና ፍሳሽ፦ ባክቴሪያ የሚሠራው ማግኔታይት ለጅማ ወንዞች ምን ይጠቅማል?

ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ቀይ እሸት ቡና በጅማ ዙሪያ ወዳሉ መፈልፈያዎች ይጎርፋል። ጎማ፣ ማና፣ ሊሙ፣ ጌራ ያሉ ጣቢያዎች ሥራ ሲበዛባቸው ከእነሱ በታች የሚወርዱት ጅረቶች ቀለማቸውም ጠረናቸውም ይለወጣል። ውሃው ቡናማ ይሆናል፣ ይኮመጥጣል፣ ከድንጋዩ ሥር ጥቁር አተላ ይይዛል። ጥቅምትና ኅዳር ሲያልፉ ክርክሩም አብሮ ይቀዘቅዝና ለከርሞ ይተላለፋል።

በዚህ ክርክር ውስጥ «ብረት የሚተነፍስ ባክቴሪያ»፣ «ናኖ ብረት»፣ «ፍሳሽ የሚያጠራ ማግኔት» የሚሉ አነጋገሮች ሲገቡ ነገሩ ይደበላለቃል። አንዱ ቀይ አፈራችን ብረት ስለሞላው መድኃኒቱ ከእግራችን ሥር ነው ይላል። ሌላው ደግሞ የቤተ ሙከራ ጨዋታ ነው ብሎ ያጣጥለዋል። ሁለቱም ግማሽ እውነት ይዘዋል። ሕይወት ያላቸው ነገሮች የሚሠሩት ማግኔታይት በሳይንስ የተረጋገጠ ነገር ነው፤ ውሃን በማከም ረገድም የሚታወቁ ጥቅሞች አሉት። ይሁን እንጂ የቡና ፍሳሽ ላይ የሚኖረው ቦታ ብዙ ሰው ከሚያስበው የተለየ ነው።

ማግኔታይት ምንድን ነው?

ማግኔታይት ብረትና ኦክሲጅን የተዋሃዱበት ጥቁር ማዕድን ነው። በቀመሩ ሦስት ብረትና አራት ኦክሲጅን አለ። ከሦስቱ ብረቶች ሁለቱ «ብረት ሦስት» ናቸው፤ ሦስት ኤሌክትሮን የጎደላቸው፣ ዝገት ውስጥ የምናውቃቸው ዓይነት። አንዱ «ብረት ሁለት» ነው፤ አንድ ኤሌክትሮን ተጨማሪ የያዘና ያንን ለሌላ ሊሰጥ የሚችል። የማዕድኑ ጠባይ ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ቅይጥነት ነው። ማግኔት ይስበዋል፣ ኤሌክትሪክ በተወሰነ ደረጃ ያስተላልፋል፣ የተበከለ ውሃ ውስጥ ሲገባም ኤሌክትሮን መስጠት ይችላል። ከክብደቱ 72 በመቶው ብረት ነው።

ሕይወት ያለው ነገር ማግኔታይት እንደሚሠራ መጀመሪያ የታየው ባሕር ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 ሃይንዝ ሎዌንስታም፣ ኪቶን የተባሉት የባሕር ቀንድ አውጣ ዘመዶች ድንጋይ የሚፍቁበት ጥርሳቸው በማግኔታይት የተለበጠ መሆኑን አሳየ። በ1963 ጣሊያናዊው ሳልቫቶሬ ቤሊኒ በማግኔት አቅጣጫ የሚዋኙ ባክቴሪያዎችን አስተዋለ፤ ግኝቱ ግን ለረጅም ጊዜ ሰሚ አላገኘም። በ1975 አሜሪካዊው ሪቻርድ ብሌክሞር እንደገና አግኝቶ አሳተመው። እነዚህ ባክቴሪያዎች በሰውነታቸው ውስጥ ከ35 እስከ 120 ናኖሜትር የሚሆኑ የማግኔታይት ቅንጣቶችን በሽፋን ጠቅልለው እንደ ጨሌ በአንድ ክር ይደረድራሉ። ናኖሜትር የአንድ ሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ሰልፉ እንደ ኮምፓስ መርፌ ሆኖ ባክቴሪያውን ከምድር መግነጢሳዊ መስመር ጋር ያስተካክለዋል። መስመሩ ወደ ምድር ዘንበል በሚልባቸው አገሮች ይህ ባክቴሪያውን ኦክሲጅን ወደቀነሰበት ደለል ወደ ታች ይመራዋል ተብሎ ይታመናል። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ ግን በኢትዮጵያ ላይ ስለሚያልፍ ጅማ ላይ መስመሩ አግድም ነው ማለት ይቻላል። «ወደ ታች ይመራል» የሚለው ማብራሪያ እዚህ ብዙ አይሠራም፤ ለማይክሮባዮሎጂ ተማሪዎቻችን ጥሩ የምርምር ጥያቄ ነው።

ለአካባቢ ጥበቃ ግን ዋናዎቹ እነዚህ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1987 ዴሪክ ሎቭሊና ባልደረቦቹ ከፖቶማክ ወንዝ ደለል ያወጡት፣ በኋላ ጂኦባክተር የተባለው ባክቴሪያ ማግኔታይቱን የሚሠራው ከሰውነቱ ውጭ ነው። እኛ ኦክሲጅን እንደምንተነፍስ ጂኦባክተር ዝገትን «ይተነፍሳል»። እንደ አሲቴት ያለ (የኮምጣጤ አሲድ ጨው ማለት ነው) ምግብ በልቶ የሚያገኘውን ኤሌክትሮን ለብረት ሦስት ያስረክባል። የተፈጠረው ብረት ሁለት ከቀረው ዝገት ጋር ተዋህዶ ጥቁር ማግኔታይት ይሆናል። በእኩል ክብደት ሲነጻጸሩ ይህ ባክቴሪያ ከፊተኞቹ 5,000 እጥፍ ገደማ የሚበልጥ ማግኔታይት ያመርታል። ስለ ውሃ ማከሚያ ሲወራ ሊታሰብ የሚገባው ይህኛው ነው።

በማግኔት የሚለቀመው ጥቁር አሸዋ

ከአሮጌ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት በወንዝ ዳር አሸዋ ላይ ቢጎተት ጥቁር ፍርፋሪ ይዞ ይነሳል። ልጆች ሁሉ የሚያውቁት ነገር ነው። ይህ የባክቴሪያ ሥራ አይደለም። የጅማ አካባቢ የቆመው በጥንታዊ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ ነው፤ ባዛልቱ ሲፈራርስ በውስጡ የነበረው ታይታኒየም የተቀላቀለበት ማግኔታይት ሳይሟሟ ይቀራል፣ ውሃውም ያጥበዋል። ቅንጣቶቹ በዓይን የሚታዩ ናቸው። ባክቴሪያ የሚሠራው በዓይን ሊታይ ቀርቶ በተራ የትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕም አንድ በአንድ አይለይም።

ልዩነቱ የገጽ ስፋት ነው። ብክለትን የሚይዘው የቅንጣቱ ገጽ እንጂ ውስጡ አይደለም። 10 ናኖሜትር ስፋት ያላቸው ክብ የማግኔታይት ቅንጣቶች 1 ግራም ቢመዘኑ ገጻቸው ተዘርግቶ 116 ካሬ ሜትር ገደማ ይሆናል። የአሸዋው ፍርፋሪ አሥረኛ ሚሊሜትር ቢሆን ያው 1 ግራም ከካሬ ሜትር አንድ መቶኛ ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ የወንዝ ዳር ጥቁር አሸዋ ለቅሞ ማጣሪያ ውስጥ መጨመር ከተራ አሸዋ የተለየ ውጤት አይሰጥም።

ሌላም ማሳሳቻ አለ፦ ጥቁር ሁሉ ማግኔታይት አይደለም። ከመፈልፈያ በታች ያለው የጅረት አተላ የሚጠቁረው አብዛኛውን ጊዜ በብረት ሰልፋይድ ነው። ሎሚ ወይም ኮምጣጤ ጠብ ሲደረግበት የተበላሸ እንቁላል ሽታ ይሰጣል፤ ማግኔታይት ይህን አያደርግም። ሁለተኛው የብረትና የታኒን ውህድ ነው። የቡና ገለፈት ታኒንና መሰል ንጥረ ነገሮች አሉት፤ እነዚህ ከሟሟ ብረት ጋር ሲገናኙ እንደ ቀለም ጥቁር ይሆናሉ። የቡና ፍሳሽ ላይ የብረት ጨው አፍስሶ መጥቆሩን በማየት «ማግኔታይት ተሠራ» ማለት ስህተት ነው። ናሙናውን በጠርሙስ ይዞ ከጎኑ ጠንካራ ማግኔት ማስጠጋት ያስፈልጋል። ጥቁሩ ወደ ማግኔቱ ተሰብስቦ ውሃው ከጠራ ማግኔታይት የመሆን ዕድሉ ከፍተኛ ነው፤ ውሃው ጥቁር ሆኖ ከቀረ አይደለም።

ቀይ አፈራችን ለምን በቀላሉ አይሆንም?

የጅማ ቀይ አፈር ብረት እንዳለው ቀለሙ ይመሰክራል። ነገር ግን ብረቱ በአብዛኛው ሄማታይትና ጎታይት በተባሉ፣ ቅርጻቸው በጠነከረ ማዕድናት ውስጥ ታስሮ ነው ያለው። ባክቴሪያው እነዚህን የሚነካው ቀስ ብሎና ላይ ላዩን ብቻ ነው። ለፈጣን ሥራ የሚፈልገው ፌሪሃይድራይት የተባለውን፣ ገና ቅርጽ ያልያዘ፣ እንደ ሙቅ የላላ ዝገት ነው። ይህ በተፈጥሮ የሚገኘው ከመሬት ውስጥ ብረት ያዘለ ውሃ ወደ አየር በሚወጣባቸው ምንጮችና ረግረጎች ዳር እንደ ብርቱካንማ አተላ ሲሆን፣ በፋብሪካ ጨውም ሊሠራ ይችላል።

አፈሩ ሌላ ጣጣም አለው። የብረትና የአሉሚኒየም ኦክሳይዶቹ ፎስፎረስን አጥብቀው ይይዛሉ፤ የአካባቢያችን ገበሬ ማዳበሪያ ጨምሮ ሰብሉ የሚጠብቀውን ያህል ካልሰጠው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ያው የተያዘው ፎስፎረስ ደግሞ በጎርፍ ከአፈሩ ጋር ይወርዳል። ይህን ነጥብ ከታች እንመለስበታለን።

እንዴት ይሠራል? መጠኑስ?

በቤተ ሙከራ የተለመደው አሠራር እንዲህ ነው። ለ1 ሊትር 13.5 ግራም ባለ ስድስት ውሃ ፌሪክ ክሎራይድ (የብረት ሦስት ጨው) በውሃ ይሟሟል፤ 6 ግራም ገደማ ኮስቲክ ሶዳ በውሃ ተሟሙቶ ቀስ በቀስ እየተማሰለ ይጨመርበታል። ፒኤች 7 ሲደርስ ማቆም ይገባል፤ ፒኤች ማለት የአሲድነት መለኪያ ሲሆን 7 መሐሉ ነው። ኮስቲክ ሶዳውን በአንድ ጊዜ ማፍሰስ ወይም ከ7 በጣም ማሳለፍ ዝገቱን ወደ ጠንካራው ዓይነት ይገፋዋል። የተፈጠረው ቡናማ ዝቃጭ አምስት ስድስት ጊዜ በንጹሕ ውሃ ታጥቦ ጨዉ ይወገዳል። መድረቅ የለበትም፣ መሞቅም የለበትም፤ ከደረቀ ወይም ለሳምንታት ሙቅ ቦታ ከቆየ ወደ ሄማታይትና ጎታይት ይለወጥና ባክቴሪያው ፊት ይነሳዋል። ብዙ ሙከራ የሚከሽፈው እዚህ ላይ ነው።

ቀጥሎ ዝቃጩ 2.5 ግራም ሶዲየም ባይካርቦኔትና 1.6 ግራም ሶዲየም አሲቴት ባለበት 1 ሊትር ውሃ ውስጥ ይገባል። ናይትሮጅን 80 በመቶ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 20 በመቶ የሆነ ጋዝ እየተነፋበት ኦክሲጅኑ ይወጣል፤ ጠርሙሱ በወፍራም የጎማ ክዳን ይታሸጋል። ከሌላ ጠርሙስ የተወሰደ ንቁ ጂኦባክተር በይዘቱ አሥር በመቶ ያህል ይጨመርና በ30 ዲግሪ ሴልሺየስ ጨለማ ውስጥ ይቀመጣል። ነገሩ ከሰመረ በቀናት ውስጥ ቡናማው ይጠቁራል፣ ማግኔትም ይስበዋል።

ካልሰመረ ምክንያቱን ከቀለሙ መገመት ይቻላል። ነጭ ወይም ሰማያዊ የመሰለ ዝቃጭ ከታየ በድብልቁ ውስጥ ፎስፌት (ፎስፎረስ ከኦክሲጅን ጋር የተዋሃደበት) በዝቷል፤ የተሠራው ቪቪያናይት የተባለ የብረት ፎስፌት ነው። ግራጫማ ሆኖ ማግኔት የማይስበው ከሆነ ባይካርቦኔቱ በዝቶ ሲደራይት የተባለ የብረት ካርቦኔት ሆኗል። ቡናማ ሆኖ ከቀረ ወይ ኦክሲጅን ገብቷል፣ ወይ ዝገቱ ጠንክሯል፣ ወይ ውሃው ብዙ ሲሊካ (የአሸዋ ዋና ንጥረ ነገር) አለው። በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ ያለፈ ውሃ ሲሊካ ሊያዝል ስለሚችል የጉድጓድ ውሃ ከመጠቀም የተጣራ ውሃ ይመረጣል። የተጨመረው ባክቴሪያ በበዛ ቁጥር ቅንጣቶቹ ያንሳሉ፤ የገጽ ስፋት ለሚፈልግ ሰው ይህ ጥሩ መቆጣጠሪያ ነው። ጥቁሩ ከተሠራ በኋላም አየር እንዳያገኘው መጠበቅ አለበት። አየር ካገኘው ብረት ሁለቱ እየጠፋ ማግሄማይት ወደተባለ ቡናማ ማዕድን ይቀየራል፤ ማግኔት መሳቡ አይቀርም፣ ኤሌክትሮን መስጠቱ ግን ይቀራል። በማግኔት መሳቡን ብቻ አይቶ ደህና ነው ማለት የሚያታልለው ለዚህ ነው።

አሁን ሂሳቡ። ከዚህ 1 ሊትር፣ ሁሉም ብረት ቢለወጥ፣ 3.9 ግራም ገደማ ማግኔታይት ይገኛል። 1 ኪሎ ለማግኘት 260 ሊትር ያህል የታሸገ ድብልቅ፣ 3.5 ኪሎ ፌሪክ ክሎራይድና ከ1.5 ኪሎ ትንሽ ከፍ ያለ ኮስቲክ ሶዳ ይጠይቃል። ለባክቴሪያው የሚያስፈልገው ምግብ ግን በጣም ትንሽ ነው፤ አንድ ሞለኪውል አሲቴት ስምንት የማግኔታይት ቀመር ስለሚያስገኝ ለ1 ኪሎ ማግኔታይት 44 ግራም ሶዲየም አሲቴት ይበቃል። በጠርሙሱ ውስጥ ከዚህ ብዙ እጥፍ የሚጨመረው ባክቴሪያው እንዳይራብና ሥራው እንዳይጓተት ነው። ወጪው ያለው ባክቴሪያው ላይ ሳይሆን ብረቱን በማዘጋጀት፣ ኦክሲጅን በመከልከልና በጥበቃው ላይ ነው።

ክሮሚየምና ፎስፎረስ

ጥሩ ውጤት ከታየባቸው ብክለቶች አንዱ ክሮሚየም ስድስት ነው። ይህ በውሃ የሚሟሟና መርዛማ የሆነው የክሮሚየም ዓይነት ሲሆን፣ ከማግኔታይት ኤሌክትሮን ሲቀበል ክሮሚየም ሦስት ይሆንና ከውሃው ወጥቶ ይቀመጣል። በሂሳብ ደረጃ 1 ግራም ማግኔታይት 75 ሚሊግራም ክሮሚየም ስድስት መለወጥ አለበት። በተግባር የሚገኘው ከዚህ ያነሰ ነው፤ በቅንጣቱ ላይ የሚጋገረው የብረትና የክሮሚየም ቅርፊት ውስጥ ያለው ብረት ሁለት እንዳይወጣ ይዘጋበታል። እዚህ ላይ ሌላ መደናገር አለ። ሞጆ አካባቢ ስላሉ ቆዳ ፋብሪካዎች ሲወራ ይህ ዘዴ ይነሳል፤ ቆዳ የሚለፋው ግን በክሮሚየም ሦስት ጨው ነው። እሱ ፒኤቹን ከፍ በማድረግ ብቻ ሊወርድ ይችላል፣ ማግኔታይት አይጠይቅም። ለጅማ ወንዞችማ ክሮሚየም ዋና ጉዳይ አይደለም።

ለጅማ የሚቀርበው ፎስፎረስ ነው። አዌቱ ከተማውን አቋርጦ፣ ከቦዬ ረግረግ ጋር ተገናኝቶ ወደ ግልገል ጊቤ ይወርዳል። ከታች እ.ኤ.አ. በ2004 ሥራ የጀመረው፣ 184 ሜጋዋት የሚያመነጨው የግልገል ጊቤ አንድ ግድብ አለ። ወደ ግድቡ የሚገባ ፎስፎረስ አልጌ ያበዛል፤ አልጌው ሲሞት ኦክሲጅን ይጨርሳል።

ማግኔታይት ፎስፌትን በገጹ ይይዛል፣ በማግኔት ተለቅሞም በኮስቲክ ሶዳ ታጥቦ እንደገና ሊሠራ ይችላል። ሲያዩት ማራኪ ነው። በቁጥር እንየው። በቀን 100 ሜትር ኩብ ፍሳሽ፣ በሊትር 10 ሚሊግራም ፎስፎረስ ቢኖረው፣ በድምሩ 1 ኪሎ ፎስፎረስ ነው። ማግኔታይቱ በግራም 5 ሚሊግራም ቢይዝ በቀን 200 ኪሎ ማሰማራትና ማጠብ ያስፈልጋል። ለዚያው 1 ኪሎ ፎስፎረስ፣ ለአንድ ፎስፎረስ ሁለት ብረት ብንቆጥር፣ 17.5 ኪሎ ገደማ ፌሪክ ክሎራይድ በቀጥታ ቢጨመር ሥራውን ይሠራል። ማግኔታይት የሚያዋጣው ውሃው አስቀድሞ በደንብ ታክሞ የቀረው ፎስፎረስ ትንሽ ሲሆንና የተያዘውን ለማዳበሪያ መልሶ ማውጣት ሲፈለግ ነው። ፒኤች ከ7 በላይ እየወጣ በሄደ መጠን ደግሞ ገጹ ፎስፌትን መግፋት ስለሚጀምር መያዙ ይዳከማል።

በቡና ፍሳሽ ላይስ?

የእሸት ቡና ፍሳሽ ዋና ችግሩ ስኳርና ፔክቲን ነው። ፔክቲን ፍሬውን የሸፈነው ማር የመሰለ ልጋግ ነው። እነዚህ በሰዓታት ውስጥ ይቦካሉ፤ ፒኤቹ ወደ 4 ይወርዳል። የኦክሲጅን ፍላጎቱ፣ ማለትም ቆሻሻውን ለማቃጠል የሚያስፈልገው ኦክሲጅን፣ ከባድ በሆነ ፍሳሽ ላይ በሊትር ከ10,000 ሚሊግራም ሊያልፍ ይችላል። ጅረት ውስጥ ሟሞ የሚገኘው ኦክሲጅን በሊትር 7 ወይም 8 ሚሊግራም ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ 1 ሊትር ፍሳሽ ከአንድ ሺህ ሊትር በላይ የሆነ የወንዝ ውሃ ኦክሲጅን የመጨረስ አቅም አለው። ይህን ያህል ሸክም በቅንጣት ገጽ ላይ በማጣበቅ ማውጣት አይታሰብም። «ማግኔታይት ጨምረን የቡና ፍሳሽ እናጠራለን» የሚለው ሐሳብ በዚህ መልኩ ከቀረበ አያስኬድም።

የሚያስኬደው ባዮጋዝ ማብላያ ውስጥ ነው። ኦክሲጅን በሌለበት ጋን ውስጥ አንዱ የባክቴሪያ ቡድን ስኳሩን ወደ አሲድ ይቀይራል፣ ሌላው አሲዱን ይሰብራል፣ ሦስተኛው ሚቴን ጋዝ ይሠራል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ኤሌክትሮን የሚለዋወጡት አብዛኛውን ጊዜ በሃይድሮጅን አማካይነት ነው። ፍሳሹ በፍጥነት ሲገባ ሃይድሮጅን ይጠራቀማል፣ አሲዱ ሳይሰበር ይቀራል፣ ጋኑ ይኮመጥጣል፣ ጋዙም ይቆማል። ማግኔታይት ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ስለሆነ በሁለቱ መካከል እንደ ሽቦ ሆኖ ኤሌክትሮኑን በቀጥታ ያሻግራል የሚለው ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ በተደረጉ ሙከራዎች ድጋፍ አግኝቷል። ሚቴን ቶሎ መውጣት እንደሚጀምርና አሲዱ በፍጥነት እንደሚቀንስ ብዙዎች ሪፖርት አድርገዋል።

ሁሉም አይስማማም። ሁለት ዓይነት የታወቁ ባክቴሪያዎች ብቻ ባሉበት ጠርሙስ የታየው ነገር በመቶዎች የሚቆጠሩ ዝርያዎች በሚርመሰመሱበት ጋን ውስጥ ስለመደገሙ ቀጥተኛ ማስረጃ ማግኘት ከባድ ነው የሚሉ አሉ። መሻሻሉ ከብረቱ ምግብነት ወይም ብረቱ መርዛማውን ሰልፋይድ ስለያዘ ሊሆን ይችላል ይላሉ። ክርክሩ ለተመራማሪ ወሳኝ ነው። ለመፈልፈያ ባለቤት ግን ጥያቄው ጋዙ ጨመረ ወይስ አልጨመረም፣ ጋኑ መኮምጠጡን አቆመ ወይስ አላቆመም ነው።

ይህን በሦስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን መለካት ይቻላል። ሦስቱም እኩል የእበት እርሾና እኩል ፍሳሽ ያገኛሉ። በአንዱ ምንም አይጨመርም። በሁለተኛው በሊትር 2 ግራም ማግኔታይት ይገባል። በሦስተኛው ደግሞ ያንኑ ያህል የተፈጨ ነጭ አሸዋ፤ ምክንያቱም ባክቴሪያ የሚጣበቅበት ቅንጣት ማግኘቱ በራሱ ሊጠቅም ይችላል። ጋዙ መጀመሪያ በኮስቲክ ሶዳ ውሃ ውስጥ አልፎ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ይተዋል፤ የቀረው ሚቴን በተገለበጠ ጠርሙስ ውሃ እየገፋ ይለካል። ፍሳሹ በጀሪካኑ ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ 20 ቀን ቢሆን ለ60 ቀን ያህል መከታተል ያስፈልጋል። በመጀመሪያው ሳምንት የታየ ልዩነት ብዙ ጊዜ አይዘልቅም።

መጠኑን ወደ እውነተኛ ጋን ስናሳድገው ሌላ ጥያቄ ይመጣል። 100 ሜትር ኩብ ጋን በሊትር 2 ግራም ሲሰላ 200 ኪሎ ማግኔታይት ይፈልጋል። በጠርሙስ አሠራር ቢመረት 52,000 ሊትር የታሸገ ድብልቅ ማለት ነው፤ አይሞከርም። የተሻለው ባክቴሪያው እዚያው ጋኑ ውስጥ እንዲሠራው ማድረግ ነው፤ ትኩሱን የብረት ዝቃጭ መጨመርና ከእበቱ ጋር የሚመጡት ብረት ተንፋሾች እንዲለውጡት መተው። ጉድለቱ ግን በጋኑ ውስጥ ብረቱን የሚሻሙ ብዙ መሆናቸው ነው። ሰልፋይድ ወደ ብረት ሰልፋይድ፣ ፎስፌት ወደ ቪቪያናይት፣ ካርቦኔት ወደ ሲደራይት ይወስዱታል፤ የቀረው ብቻ ማግኔታይት ይሆናል። ሰልፋይዱ ሲያዝ ጋዙ ከሽታና ከዝገት ይድናል፣ ፎስፎረሱም በዝቃጩ ውስጥ ይቀራል፤ ስለዚህ ኪሳራ ብቻ አይደለም። በገበያ የሚሸጥ የተፈጨ ማግኔታይት መጠቀምም ይቻላል። ከውሃ አምስት እጥፍ ስለሚከብድ ግን ካልተማሰለ ታች ይዘቅጣል፣ ጋኑ ሲጸዳም አብሮ ይወጣል።

የሚነሱ ስጋቶች

የመጀመሪያው ጥያቄ ለምን በባክቴሪያ የሚለው ነው። ብረት ሁለትና ብረት ሦስትን አንድ ለሁለት ቀላቅሎ አሞኒያ በመጨመር ማግኔታይት በደቂቃዎች ይሠራል፤ ዘዴው እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በሰፊው የታወቀ ነው። ለባክቴሪያው የሚቆሙት ገጹ በብረት ሁለት የበለጸገ መሆኑንና ከብረት ዝቃጭ ቆሻሻ ሊሠራ መቻሉን ያነሳሉ። ጽሑፉ እንደሚያየው፣ ብረቱ ከፋብሪካ ጨው የሚገዛ ከሆነ የባክቴሪያው ጥቅም ጠባብ ነው። ብረቱ የሚጣል ዝቃጭ ከሆነ ግን ሚዛኑ ይገለበጣል።

ሁለተኛው ስጋት ይበልጥ ከባድ ነው። ዝገት ፎስፎረስና አርሴኒክ ይይዛል። ብረት ተንፋሹ ባክቴሪያ ዝገቱን ሲቀይረው የተያዘው ይለቀቃል። የተለወጠው ማግኔታይት ከላላው ዝገት ያነሰ ገጽ ስላለው የተለቀቀውን ሁሉ መልሶ ላይይዝ ይችላል። ባንግላዲሽ ውስጥ አርሴኒክ ወደ ጉድጓድ ውሃ የገባበት ዋናው መንገድ ይኸው የብረት መለወጥ ነው። በጎርፍ ወደ ግልገል ጊቤ የወረደው ቀይ አፈርም ኦክሲጅን ባጣ የግድብ ወለል ላይ ሲያርፍ ፎስፎረሱን ሊለቅ ይችላል። እናም «ብረት የሚተነፍስ ባክቴሪያ ወንዝ ውስጥ እንጨምር» የሚል ሐሳብ ከመጣ መልሱ አይሆንም ነው። ባክቴሪያው እዚያ አለ፤ የተቸገርነውም በከፊል በሚሠራው ሥራ ነው። ጥቅሙ በታሸገ ጋን ውስጥ ሲሆን ብቻ ነው።

ሦስተኛው ጤና ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት ከአየር ብክለት የመጡ የሚመስሉ የማግኔታይት ናኖ ቅንጣቶች በሰው አንጎል ውስጥ መገኘታቸውን አሳይቷል። ቅንጣቶቹ ከቃጠሎና ከፍትጊያ የሚወጡ፣ ክብ ቅርጽ ያላቸው ናቸው፤ ለበሽታ መንስኤ ስለመሆናቸው የተረጋገጠ ነገር የለም። ቢሆንም ከዚያ ትምህርት መውሰድ ይገባል። የናኖ ማግኔታይት ዱቄት ደርቆ መነካት የለበትም። እርጥብ ሆኖ ይያዝ፣ ይጓጓዝ፣ ይጨመር። ከጋኑ የሚወጣው ውሃም ወደ ጅረት ከመግባቱ በፊት በአሸዋ ማጣሪያ ወይም በማግኔት ማለፍ አለበት። ከ30 ናኖሜትር የሚያንሱ ቅንጣቶች በተናጠል በተራ ማግኔት አይለቀሙም፤ ተጣብቀው ሲያብጡ ወይም በማግኔት መካከል የብረት ሱፍ ሲደረግ ብቻ ይያዛሉ።

ከምን ይጀመር?

ለአንድ መፈልፈያ የሥራው ቅደም ተከተል ከማግኔታይት አይጀምርም። ከውሃው ይጀምራል፤ ውሃ ቆጣቢ መፈልፈያ መጠቀም፣ የመታጠቢያ ውሃን መልሶ ማዞር፣ ገለፈቱን ከውሃ ለይቶ ወደ ኮምፖስት መውሰድ። ይህ ሲደረግ የሚታከመው ፍሳሽ መጠኑ ይቀንሳል። ቀጥሎ ፒኤቹ በኖራ ወደ 7 ይጠጋል። ምን ያህል ኖራ እንደሚፈልግ ለማወቅ 1 ሊትር ፍሳሽ ወስዶ በግማሽ ግራም እየጨመሩ መለካት ይበቃል፤ በግምት መርጨት ጋኑን ይገድላል። ማብላያው መጀመሪያ ሲሞላ ሩቡ ያህል ከሚሠራ ባዮጋዝ የመጣ የእበት አተላ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ጭነቱም በሜትር ኩብ በቀን ግማሽ ኪሎ የኦክሲጅን ፍላጎት አካባቢ ተጀምሮ ቀስ እያለ ይጨመራል። የጅማ አየር አማካይ ሙቀት 20 ዲግሪ አካባቢ በመሆኑ 35 ዲግሪ ላይ ከሚሠራ ጋን ይልቅ ረዘም ያለ የቆይታ ጊዜ ያስፈልጋል።

የጅማን ጉዳይ ልዩ የሚያደርገው ወቅታዊነቱ ነው። ፍሳሹ ለሦስት ወር ገደማ ይጎርፋል፣ ከዚያ ይቆማል። ሚቴን ሠሪዎቹ በቀሪው ዓመት ይራባሉ፤ በመስከረም ጋኑ እንደ አዲስ መነሳት ይቸግረዋል፤ ልክ በዚያ ሰዓት ደግሞ ከባዱ ፍሳሽ ይመጣል። ስለዚህ በበጋና በክረምት በየጥቂት ቀኑ እበት መመገብ ግድ ነው። ማግኔታይት ይበልጥ ሊረዳ የሚችለው በዚህ የመነሻ ጊዜ ነው፤ ጋኑ ሳይኮመጥጥ ጭነት እንዲቀበል። ጅማ ዩኒቨርሲቲና መልኮ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል ከመፈልፈያዎች ጋር ቢሞክሩት የሚያዋጣው ጥያቄም ይህ ነው፦ የቀይ እሸት ወቅት ከመግባቱ በፊት በነሐሴ የብረት ዝቃጭ የተጨመረበት ጋን፣ ካልተጨመረበት ስንት ቀን ቀድሞ ሙሉ ጭነት ይቀበላል?

ከጋኑ የሚወጣው ውሃ አሁንም ለወንዝ አልደረሰም። በቬቲቨር ሣርና በቄጠማ በተተከለ ረግረግ ማለፍ ይኖርበታል፤ የቀረው ፎስፎረስና ቀለም እዚያ ይቀንሳል። በዓመቱ መጨረሻ ከጋኑ ሥር የሚወጣው ጥቁር ዝቃጭ ብረት፣ ፎስፎረስና ናይትሮጅን የያዘ ነው። ወደ ቡናው ማሳ ሲመለስ በችግኝ ግንድ ላይ መከመር የለበትም፤ ከገለፈት ኮምፖስት ጋር ተቀላቅሎ፣ ቢያንስ ሁለት ወር አየር አግኝቶ፣ ጥቁሩ ወደ ቡናማ ሲመለስ ይበተናል።